የጦር አለቃና የተዘጋ ማኅበር
ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የሚገኝ ትምህርት

የዕረፍት ጊዜ ደርሶ ወደ አቦቦ በተመለስን ቁጥር፣ እኛ ከዚያች ወረዳ የወጣን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ልማድ አለን። ይኸውም በሁለተኛ ደረጃ የሚማሩትን ታናናሾቻችንን ሰብስበን ከማንጎ ጥላ ሥር የጥናት ጉባኤ ማድረግ ነው። ባለፈው ጉባኤያችን ያነሣነው ርእስ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ነበር። የክቡር ዘበኛ አዛዥ ስለ ነበሩት ስለ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ፣ ስለ ወንድማቸው ስለ አቶ ግርማሜ ንዋይና ስለ ባልንጀሮቻቸው ስንናገር፣ ከተማሪዎቹ አንዱ ተነሥቶ «አንድ ጄኔራል ከሥራ ሰዓት ውጭ ከማን ጋር እንደሚበላ፣ የማን ማኅበር አባል እንደ ሆነ እኛን ምን አገባን?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው ቀላል መስሎን ነበር። ነገር ግን ከእኛ መካከል አንደኛው «የግል ጉዳዩ ነው» ሲል፣ ሁለተኛው ደግሞ «ጦር የሚያዝ ሰው የግል ማኅበር ሊኖረው አይገባም» አለ። ክርክሩ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ቆየና መልስ ሳናገኝ ተለያየን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ያን ጥያቄ እንደ ገና አንሥተን፣ ታሪክ የሚሰጠንን ማስረጃ መርምረን፣ የደረስንበትን ለአንባቢ ለማቅረብ ነው። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና፣ ሐሳቡን በምሳሌዎች እያስደገፍን እንሄዳለን።

1ኛ. የተዘጋ ማኅበር ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአገራችን ማኅበር የሌለው ሰው የለም። ዕድር አለ፣ ዕቁብ አለ፣ የጽዋ ማኅበር አለ። ዕድር የሰፈሩን ሰው ይቀበላል፤ ዳኛው ይታወቃል፤ መዋጮው ይታወቃል፤ አባል ያልሆነ ሰው እንኳ ስለ ምን እንደ ተሰበሰቡ ቢጠይቅ መልስ ያገኛል። እንዲህ ያለው ማኅበር በሩ ክፍት ነው ማለት ይቻላል።

የተዘጋ ማኅበር ግን ሦስት ምልክቶች አሉት። መጀመሪያ፣ ሰው የሚገባበት ቀድሞ የገቡት ሲፈቅዱለት ብቻ ነው፤ የመግቢያውም ሕግ በውጭ ላሉት አይነገርም። ሁለተኛ፣ በውስጥ የተነገረው ነገር ወደ ውጭ አይወጣም። ሦስተኛ፣ አባላቱ በማኅበሩ ውስጥ ባገኙት ወዳጅነት ከማኅበሩ ውጭ፣ ማለት በመሥሪያ ቤታቸው፣ እርስ በርሳቸው ይጠቃቀማሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻቸውን ነውር አይደሉም። ማንም ሰው ወዳጁን የመምረጥና ከወዳጁ ጋር በምስጢር የመጫወት መብት አለው። ሦስተኛው ሲጨመር ግን ነገሩ ይለወጣል።

በተለይ አባሉ የጦር አለቃ በሆነ ጊዜ ነገሩ ይከብዳል። ለምን ቢሉ፣ የጦር ሥራ የቆመው በመታዘዝ ላይ ነው። ተራው ወታደር ለአሥር አለቃው፣ አሥር አለቃው ለመቶ አለቃው፣ እንዲህ እያለ እስከ ጄኔራሉ ድረስ ይታዘዛል። ጄኔራሉ ደግሞ ለሕግ ይታዘዛል። ሰንሰለቱ እስከዚህ ድረስ ለሁሉ ይታያል። ጄኔራሉ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ታዛዥነት የገባ እንደ ሆነ ግን፣ ከእርሱ በታች ያለው ሠራዊት ሁሉ ስሙን እንኳ ለማያውቀው ጌታ ሳያውቅ ይታዘዛል። የጥያቄው ፍሬ ነገር ይህ ነው እንጂ ጄኔራሉ የት እንደሚበላና እንደሚጠጣ መቆጣጠር አይደለም።

2ኛ. ጄኔራል መንግሥቱና ሁለቱ ክበቦች

ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የተማሩ፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን በስደት ወደ ሱዳን የወረዱና በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተመለሱ መኮንን ነበሩ። በኋላም ከጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ቀጥለው የክቡር ዘበኛ ዋና አዛዥ ሆኑ።

ክቡር ዘበኛ ራሱ ከሌላው ጦር ተለይቶ የሚታይ ክፍል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱን የሚጠብቅ በመሆኑ ትምህርቱ፣ ልብሱና መሣሪያው የተሻለ ነበር። ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆችም ከእርሱ ውስጥ የተመረጡ ነበሩ። ከዚህም የተነሣ በክቡር ዘበኛና በምድር ጦር መካከል ቅናት ነበረ። ጄኔራል መንግሥቱ የቆሙበት የመጀመሪያው ክበብ እንግዲህ ይህ ነበር። የፖሊስ ሠራዊት አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡና የጸጥታው ክፍል ኃላፊ የነበሩት ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁም ከዚሁ ከክቡር ዘበኛ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ይህን አንባቢ ልብ ይበል። ዘበኛው፣ ፖሊሱና ጸጥታው በሦስት ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የተቀመጡት እርስ በርሳቸው እንዲጠባበቁ ነበር። የሦስቱ አለቆች ግን ከአንድ ቤት የወጡ ወዳጆች ነበሩና መጠባበቁ ቀርቶ መደማመጥ ሆነ።

ሁለተኛው ክበብ የወንድማቸው የአቶ ግርማሜ ንዋይ ነበር። አቶ ግርማሜ በኮተቤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በዊስኮንሲን፣ ቀጥሎም በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ሰው ናቸው። በኮሎምቢያ ለማስተርስ ዲግሪያቸው የጻፉት ጥናት በኬንያ የነጮች ሰፈራ በአገሬው ላይ ስላደረሰው ጉዳት ነበር። ይህም የሚያስገርም ነገር ነው፤ በኬንያ የሰፈሩት ነጮች የናይሮቢውን የሙታይጋ ክለብ የመሰሉ፣ ጥቁር ሰው በአባልነት የማይገባባቸው ቤቶች ነበሯቸው። ሰፋሪውና የመንግሥቱ ሹም አብረው የሚቀመጡት በእነዚህ ቤቶች ነበር። አቶ ግርማሜ ጥቂቶች ብዙዎችን እንዴት እንደሚገዙ አጥንተው ወደ አገራቸው የገቡ ሰው ነበሩ።

በ1946 ዓ.ም. ገደማ ከተመለሱ በኋላ የቀድሞ ትምህርት ቤታቸው የተመራቂዎች ማኅበር መሪ ሆኑ። በዚያ ዘመን የፖለቲካ ፓርቲ ማቋቋም የማይቻል ነበረና፣ የተማሩት ወጣቶች ስለ አገራቸው ችግር የሚወያዩበት ቦታ እንዲህ ያለ ማኅበር ነበር። መንግሥትም በጥርጣሬ ዓይን ይመለከተው ጀመር። አቶ ግርማሜ ወደ ወላይታ አውራጃ ገዥነት ተላኩ፤ በዚያም መሬት ለሌላቸው ሰዎች መሬት በማደላቸው ባለመሬቶች ከሰሷቸውና ተነሥተው ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ።

እንግዲህ የወታደሩ ክበብና የተማረው ክበብ የተገናኙት በሁለቱ ወንድማማቾች አማካይነት ነው። አንደኛው ክበብ ጠመንጃ ነበረው፤ ሁለተኛው ሐሳብ ነበረው። ሁለቱም ግን የጎደላቸው አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም በውጭ ያለ ሰው ነው።

3ኛ. በሩ ሳይከፈት የቀረባቸው አራት ቀኖች

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ለጉብኝት ሳሉ፣ ሚኒስትሮችና መሳፍንት እቴጌ መነን በጠና ታመዋል ተብለው ማታ ተጠሩ። የመጡት ሁሉ ተያዙ። በማግሥቱ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ዐዋጁን በራዲዮ አነበቡ። በዐዋጁ የተነገረው ነገር፣ ማለት የሕዝቡ ድኅነትና የአገሪቱ ወደ ኋላ መቅረት፣ እውነት አይደለም የሚል ሰው አይገኝም። በታኅሣሥ 6 ቀን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በሰልፍ ወጥተው ድጋፋቸውን የገለጹት ስለዚህ ነው። ሰልፈኞቹ ወደ ምድር ጦር ሠፈር ሊያልፉ ሲሉ ወታደሮች መለሷቸው፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላም ተኩስ ተከፈተ።

በዚህ ጊዜ የተዘጋው ክበብ ድካም ተገለጠ። ሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻና ሜጀር ጄኔራል ከበደ ገብሬ ከመያዝ አምልጠው በአንደኛ ክፍለ ጦር ተሰባስበው ነበር። የምድር ጦሩና የአየር ኃይሉ በክበቡ ውስጥ ወዳጅ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ከመሪዎቻቸው ጋር ቆሙ። ቤተ ክርስቲያንም በአቡነ ባስልዮስ አማካይነት አመፁን አወገዘች። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የክቡር ዘበኛ ተራ ወታደር ነገር ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹ በምን ምክንያት እንደሚዋጉ አልተነገራቸውም፤ ንጉሠ ነገሥቱን ከጠላት የሚከላከሉ መስሏቸው የሞቱ ነበሩ። ከላይ «ስሙን ለማያውቀው ጌታ ይታዘዛል» ያልነው ይህን ነው።

ታኅሣሥ 7 ቀን ሽንፈቱ በታወቀ ጊዜ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በአረንጓዴው ሳሎን ታስረው ከነበሩት ሰዎች 15 ያህሉ ተረሸኑ። ከሟቾቹም ውስጥ አርበኛው ራስ አበበ አረጋይ፣ ልዑል ራስ ሥዩም መንገሻ፣ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ ይገኙባቸዋል። የጄኔራል መንግሥቱ የቀድሞ አለቃ የነበሩት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊም በዚያ ሞቱ፤ ከሁለት ቀን በፊት በአዲሱ መንግሥት የጦሩ ኤታ ማጆር ሹም ተብለው በራዲዮ ስማቸው የተጠራው እኒሁ ሰው ነበሩ። በዝግ ክፍል የተሾመ ሰው በዝግ ክፍል ይሻራል፤ መሾሙንም መሻሩንም አስቀድሞ የሚነግረው የለም።

ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 8 ቀን ተመለሱ። ጄኔራል ጽጌና ኮሎኔል ወርቅነህ በዚያው ሰሞን ሞቱ። አቶ ግርማሜ ታኅሣሥ 15 ቀን ሞቱ፤ ጄኔራል መንግሥቱ ቆስለው ተያዙ። ተከሰው ፍርድ ከተሰጠ በኋላ መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአደባባይ ተሰቀሉ። ያ ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ዛሬ በስድስት ኪሎ መጻሕፍት ይዘው የሚመላለሱ ተማሪዎች የሚያልፉት በዚያ ቤት አጠገብ ነው።

አንድ አንባቢ «ምስጢር ባይጠብቁ ኖሮ በአንድ ቀን ይያዙ አልነበረምን?» ቢል ትክክል ነው። ፓርቲ በማይፈቀድበት፣ ጋዜጣ በማይናገርበት አገር የተዘጋ ክበብ የሚፈጥረው የተዘጋው መንግሥት ራሱ ነው። ስለዚህ ነቀፌታችን ከታኅሣሥ 4 በፊት ስለ ጠበቁት ምስጢር አይደለም። ነቀፌታችን ከታኅሣሥ 5 በኋላ ስላልከፈቱት በር ነው። ዐዋጁ የተሰማው በአልጋ ወራሹ ድምፅ እንጂ በአድራጊዎቹ ድምፅ አልነበረም፤ የገዛ ወታደራቸውም እውነቱን አልሰማም። ለብዙ ዓመት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻ ያሰበ ሰው፣ በሩን መክፈት በሚገባው ቀን መክፈቻውን ያጣዋል።

4ኛ. በሌላው ዓለም የታየ

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በመጋቢት 1973 ዓ.ም.፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ1981፣ የኢጣልያ ፖሊሶች ሊቾ ጄሊ የተባለ ነጋዴ የሚጠቀምበትን ቤት ሲፈትሹ የ962 ሰዎች ስም የተጻፈበት ዝርዝር አገኙ። ዝርዝሩ «ፕሮፓጋንዳ ዱዌ» ወይም በአጭሩ «ፒ ዱዌ» የተባለ የምስጢር የፍሪሜሰን ማኅበር አባላት ዝርዝር ነበር። ሚኒስትሮች፣ የፓርላማ አባላት፣ የባንክ ሰዎች፣ ጋዜጠኞች ነበሩበት። ከጦሩም የመላው ጦር ኃይል ኤታ ማጆር ሹም የነበሩት አድሚራል ጆቫኒ ቶሪዚና የሁለቱ የስለላ ድርጅቶች አለቆች ስም ተገኘ።

ስሙ በዝርዝር ላይ ተገኘ ተብሎ ብቻ ሰው ወንጀለኛ አይባልም። ነገር ግን የኢጣልያ ሕዝብ የጠየቀው ጥያቄ ይህ ነበር፦ የአገሪቱን ምስጢር የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ በአንድ ነጋዴ ማኅበር ውስጥ ከተገኙ፣ ምስጢሩ የሚጠበቀው ከማን ነው? በግንቦት ወር የጠቅላይ ሚኒስትር ፎርላኒ መንግሥት ወደቀ። በጥር 1974 ዓ.ም. ማኅበሩን የሚያፈርስና የምስጢር ማኅበራትን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ቲና አንሴልሚ በተባሉ የፓርላማ አባል የተመራ መርማሪ ጉባኤም ነገሩን ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል መርምሮ ሪፖርቱን አወጣ። ልዩነቱን አንባቢ ያስተውል፤ በአዲስ አበባ በሩ የተከፈተው በታንክ ነበር፤ በሮም የተከፈተው በሕግና በሪፖርት ነው።

በቅርቡም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1831 የተቋቋመው የጋሪክ ክለብ አባላት ስም በጋዜጣ ታትሞ ነበር። ክለቡ ሴት በአባልነት የማይቀበል ነበረ። በዝርዝሩ የእንግሊዝ ሲቪል ሰርቪስ ዋና አለቃና የውጭ ስለላው ድርጅት ኃላፊ ተገኙ። ሁለቱም ጥያቄው በበዛ ጊዜ ከክለቡ ወጡ፤ ክለቡም በሚያዝያ ወር ሴቶችን ለመቀበል ወሰነ። በዚህ ክለብ ውስጥ አንዳች ሤራ ነበረ አንልም። ሰዎቹ የተጠየቁት በመሥሪያ ቤታቸው «ሴትም ወንድም እኩል ነው» እያሉ፣ ማታ ሴት ወደማትገባበት ቤት መሄዳቸው እንዴት ይታረቃል ተብሎ ነው። ባለሥልጣን ማታ የሚገባበት በር ቀን የሚናገረውን ቃል ይመሰክርለታል ወይም ይመሰክርበታል።

5ኛ. ከነገሌ የውሃ ጉድጓድ እስከ ደርግ

ወደ አገራችን እንመለስ። ከታኅሣሥ 13 ዓመት በኋላ፣ ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች አመፁ። ምክንያቱ ትልቅ የፖለቲካ ነገር አልነበረም። የተራው ወታደር የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዱ አልፈቀዱላቸውም ነበር። ሊያጣሩ የተላኩትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ያዙና የእነርሱን ምግብ አበሏቸው፣ የእነርሱን ውሃ አጠጧቸው። እነሆ አንድ ጉድጓድ ክለብ ሆኖ ነበር፤ ገሚሱ ይገባበታል፣ ገሚሱ አይገባበትም። የዘውዱን መንግሥት የጣለው ማዕበል የተነሣው ከዚያ ጉድጓድ አፍ አጠገብ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ መቶ ያህል ሰዎች በአራተኛ ክፍለ ጦር ተሰብስበው ደርግን አቋቋሙ። በተራ ወታደር ብሶት የመጣው ይህ ጉባኤ ግን ወዲያው በሩን ዘጋ፤ የአባላቱ ዝርዝር ለሕዝብ አልተነገረም፤ የሚወስነውንም በዝግ ስብሰባ ይወስን ጀመር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የመንግሥቱ መሪ ሆነው የታዩት ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ከደርጉ መሥራች አባላት መካከል አልነበሩም። ሠራዊቱ የሚወዳቸውና ዓለም የሚያውቃቸው ጄኔራል ነበሩ፤ ሆኖም ክበቡ ሲጠላቸው ሥልጣናቸው አላዳናቸውም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በቤታቸው ተከበው ሞቱ። በዚያው ሌሊት 60 ያህል ሰዎች ተገደሉ፤ ፍርድ ቤት የቀረበ አልነበረም። ከእርሳቸው ቀጥለው ሊቀ መንበር የሆኑት ጄኔራል ተፈሪ በንቲም ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ከክበቡ ውስጥ በተነሣ ጠብ ተገደሉ። ስለዚህ ከክበቡ ውጭ የነበረውም ጄኔራል፣ በውስጥ የነበረውም ጄኔራል መጨረሻቸው አንድ ሆነ። የተዘጋ ክበብ በውጭ ያለውን ብቻ የሚጎዳ የሚመስለው ሰው ካለ ከዚህ ይማር።

6ኛ. የተዘጋው ክፍልና አቦቦ

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ነገር ነው፤ አቦቦ ከጋምቤላ ከተማ አልፎ ያለ ወረዳ ነው» ይሉ ይሆናል። እኛ ግን የተዘጋ ክፍል ውሳኔ ሩቅ መንገድ እንደሚሄድ በገዛ ወረዳችን እናውቃለን።

በ1977 ዓ.ም. በረሃብ ምክንያት ደርግ ሰዎችን ከሰሜኑ የአገራችን ክፍል አንሥቶ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ለማስፈር ወሰነ። በመላው አገር ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች ተጓዙ። ከእነዚህ የተወሰኑት ወደ ጋምቤላ መጡ፤ አቦቦም ካረፉባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። የአልዌሮ ግድብም የታቀደው በዚያው መንግሥት ዘመን፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ነበር። በረሃብ የሚያልቀውን ሰው ማዳን ይገባ ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን የሚሄደው ሰፋሪ «ትሄዳለህን?» ተብሎ በነጻነት አልተጠየቀም፤ ብዙዎች ከቤተ ሰባቸው ተለያይተው መጡ። መሬቱን ሲያርስ፣ ዓሣውን ሲያጠምድ፣ ጫካውን ሲጠቀምበት የኖረው የአኙዋ ሕዝብም «ትቀበላለህን?» ተብሎ አልተጠየቀም። ሁለቱ የተገናኙት ሁለቱም ባልተገኙበት ስብሰባ በተወሰነ ነገር ነው። ከማንጎው ሥር የተሰበሰብነው ተማሪዎች የሁለቱም ወገን ልጆች ነን፤ ስለዚህ የተዘጋ በር ነገር ለእኛ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም።

ደግሞም ሌላ ዓይነት አለቅነት በገዛ አገራችን እንደ ነበረ እንወቅ። በአኙዋ ባህል የመንደሩ አለቃ ኳሮ ይባላል። ከበሮውና የክብሩ ዕቃ በእርሱ ዘንድ ይቀመጣል፤ ሰው በፊቱ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ክብሩ ግን ዋጋ አለው፤ ኳሮ ሕዝቡን ማብላት፣ የሚጠይቀውን መስጠት ይገባዋል። እጁን ያጠፈ እንደ ሆነ መንደሩ ይነሣበትና አባርሮ ከአለቃው ዘር ሌላውን ያስቀምጣል። ይህ ዓይነቱ መነሣት አጌም ይባላል። እንግሊዛዊው የባህል ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ አኙዋ አገዛዝ ባሳተመው ጥናት ይህን ሥርዓት ዘርዝሮታል።

የድሮውን ሁሉ እናመስግን ማለታችን አይደለም። አጌምም ደም ያፈስስ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል፤ ኳሮ ማንን እንዳበላ፣ ማንን እንዳስራበ መንደሩ ሁሉ ያያል። የአለቃው ግቢ የታጠረ ቢሆንም ማዕዱ ለመንደሩ የተሰወረ አልነበረም። ሠራዊት የሚያዝ ሰው ማዕዱን በተዘጋ ቤት ሲያደርግ ግን፣ ማን ከእርሱ ጋር እንደሚበላ የሚያይ የለም፤ ስለዚህ የሚጠይቀውም የለም።

7ኛ. እንግዲህ ምን እንበል?

ለዚያ ተማሪ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። መኮንን እንደ ማንም ሰው ወዳጅ ይኑረው፣ ማኅበር ይግባ፣ ኳስ ይጫወት፣ ከባልንጀሮቹ ጋር ቡና ይጠጣ። ነገር ግን ማዕረጉ ከፍ ባለ መጠን ስለ ማኅበሩ ሦስት ጥያቄዎች ሊጠየቅና ሊመልስ ይገባዋል፦

ሀ. ወደዚህ ማኅበር የሚገባው ማን ነው፣ የማይገባውስ ማን ነው? በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በፆታው ወይም በትምህርት ቤቱ ምክንያት የሚከለከል ሰው ካለ፣ ያ የተከለከለው ሰው ነገ በእርሱ ሥር ወታደር ሆኖ እንዴት ይታመንበታል?

ለ. ግብዣውን የሚከፍለው ማን ነው? ሌላው የሚከፍልለት ከሆነ፣ ከፋዩ በምላሹ የሚጠብቀው ምንድን ነው?

ሐ. በዚያ ቤት የተነገረው ነገር በመሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ቢጻፍ ያሳፍረዋልን? የማያሳፍረው ከሆነ ቤቱ ቢከፈት አይጎዳውም፤ የሚያሳፍረው ከሆነ ግን ቀድሞም ሊገባበት አይገባም ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ87ኛው አንቀጽ የመከላከያ ሠራዊት አባላት የብሔር፣ ብሔረሰቦችንና ሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ ያካተቱ እንዲሆኑ፣ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሰው ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱም ሥራውን ከፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነጻ ሆኖ እንዲያከናውን ይደነግጋል። ይህ መልካም ሕግ ነው። ሆኖም ወገናዊነት የሚጀምረው በፓርቲ ጽሕፈት ቤት ብቻ አይደለም፤ በግብዣ ቤትም፣ በአገር ልጅ ማኅበርም፣ በተመራቂዎች ክበብም ይጀምራል። ሕጉ የሠራዊቱን በር ይጠብቃል፤ የአለቃውን የማታ በር የሚጠብቀው ግን የሕዝብ ጥያቄ ነው።

ነገሩን በጄኔራሎች ላይ ጥለን ለመሄድ ግን አንወድም። የአቶ ግርማሜ ክበብ የተማሩ ሰዎች ክበብ ነበር፤ የደርግም አባላት በወጣትነታቸው እንደ እኛ ያለ ጥያቄ የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። እኛስ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሦስት አራት ሆነን በአንድ መኝታ ክፍል ተቀምጠን የማኅበሩን መሪ አስቀድመን መርጠን፣ በማግሥቱ ለጠቅላላ ጉባኤው «ምረጡ» ያልንበት ጊዜ የለምን? በአንድ ቋንቋ እየተጠራራን ሌላውን ከደጅ የተውንበት ጊዜ የለምን? እኛ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሰዎች አንድ ጊዜ እንዲህ እንዳደረግን አንክድም። የመረጥነው ሰው መልካም ነበረ፤ ሆኖም ያልተጠየቁት ጓደኞቻችን ለእርሱ መሥራት አልወደዱም፤ ሥራውም በዓመቱ አጋማሽ ቆመ። ያ ነገር ትንሽ ነበር። ነገር ግን ዛሬ በመኝታ ክፍል የተማርነው ልማድ፣ ነገ ማኅተም ወይም ማዕረግ ስንይዝ አብሮን ይሄዳል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ጄኔራል መንግሥቱና ባልንጀሮቻቸው ለአገር የሚከብደውን ሸክም ጥቂት ሆነው ሊሸከሙት ሞከሩ፤ ሸክሙም ጣላቸው። ዓላማቸውን ስናከብር ስሕተታቸውን እንማር።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በታኅሣሥ 5 ቀን 1953 ዓ.ም. ጠዋት የክቡር ዘበኛ ተራ ወታደር እውነቱ ተነግሮት ቢሆን ምን ይደረግ ነበር ትላላችሁ?

2. ፓርቲ በማይፈቀድበት አገር ለሕዝብ የሚቆረቆሩ ሰዎች ሳይዘጉ እንዴት ሊሰበሰቡ ይችላሉ? ከተዘጉስ መቼ መከፈት ይገባቸዋል?

3. የኢጣልያ ሰዎች ሕግ በማውጣት የጨረሱትን ነገር እኛ በደም የጨረስንበት ምክንያት ምንድን ነው?

4. በመንደራችሁ ያለው አለቃ፣ ሽማግሌ ወይም ሊቀ መንበር ማዕዱ ለሁሉ የሚታይ ነውን?

5. የምትገቡበትን ማኅበር አስቡ። በሩ ለማን ክፍት ነው? ለማንስ ዝግ ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ እያንዳንዱ ለብቻው ይመልስ፤ መልሱን ግን በሚቀጥለው ጉባኤ በሁላችን ፊት ይናገር።